ካቻቢቴውን አስቀምጥና ከቫልቭ ጀምር፦ ለታደሰ አር 75/5 ባለቤት የተሰጠ መልስ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው የ1972 (እ.ኤ.አ.) ቢ ኤም ደብሊው አር 75/5 ሞተር ሳይክል አለው። ሞተሩን አውርዶ አዲስ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) አስገብቷል፤ ቫልቮቹን አስሞርዷል። ሁለቱን የቢንግ ካርቡሬተሮችም ፈትቶ አጥቦ የጎማ ማሸጊያዎቻቸውን ቀይሯል። ሞተሩ ይነሳል። ግን ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይሰጡት በሚሠራበት ዝቅተኛ ዙር) ክፉኛ ይንቀጠቀጣል። ነዳጅ ሰጥቶ ሲለቀው ዙሩ በደቂቃ 1,500 ላይ ተንጠልጥሎ ይቆይና ድንገት ይወድቃል። የቀኙ ካንዴላ (እሳት የሚሰጠው) ጥቁር፣ የግራው ነጭ ሆኖ ወጥቷል። «የሁለቱንም የቅልቅል (የአየርና የነዳጅ) ብሎኖች እኩል አንድ ዙር ተኩል ከፍቻቸዋለሁ፤ ታዲያ ለምን እኩል አይሠሩም? አዲስ ካርቡሬተር ልግዛ?» ይላል።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ እንኳን ደስ አለህ። ያን ሞተር አፍርሶ መልሶ ማስነሳት ትልቅ ሥራ ነው። አዲስ ካርቡሬተር ግን አሁን አትግዛ። ከጻፍከው ተነስቼ ስገምት ያንተ ሁለት ካርቡሬተሮች ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው ያለባቸው፤ ሁለቱም ደግሞ በብሎን የሚድኑ አይደሉም።

«እኩል ዙር» ላልከው ነገር በቅድሚያ ልመልስ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። በመጽሐፉ ላይ የሚሰጠው የብሎን ዙር ሞተሩ እንዲነሳልህ ብቻ የተሰጠ መነሻ ነው። ከ50 ዓመት በላይ የሠሩ ሁለት ካርቡሬተሮች አንድ ዓይነት ሆነው አይቀሩም። አንዱ ጄት (ነዳጅ የሚያልፍበት ቀዳዳ) ትንሽ ሰፍቷል። የአንዱ ብሎን ጫፍ ከዓመታት በፊት የሆነ ሰው አጥብቆት ቀለበት ተቀርጾበታል። የአንዱ ሲሊንደር ቫልቭ ከሌላው በተሻለ ይገጥማል። ስለዚህ በትክክል የተስተካከለ ሞተር ላይ የቀኙ አንድ ዙር፣ የግራው አንድ ዙር ከሩብ ሆኖ ብታገኘው ምንም ችግር የለበትም። እኩል መሆን ያለበት ሲሊንደሮቹ የሚሠሩት ሥራ ነው።

አሁን ካቻቢቴውን አስቀምጥ። ካርቡሬተር የሚስተካከለው መጨረሻ ላይ ነው። ከእሱ በፊት ቫልቭ፣ ከዚያ የእሳት አሰጣጥ፣ ከዚያ የአየር ማምለጫ (ያልተፈለገ አየር ሾልኮ የሚገባበት ቦታ) ይታያል። ቅደም ተከተሉን ካዛባህ ዛሬ ያስተካከልከውን ነገ ታፈርሰዋለህ፤ ምክንያቱም የፑንቲና (የእሳት መቁረጫ) ክፍተት ስትነካ የእሳቱ ጊዜ ይለወጣል፣ የእሳቱ ጊዜ ሲለወጥ ሚኒሞው ይለወጣል።

ቫልቭ፦ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ፣ የማስገቢያው 0.15፣ የማስወጫው 0.20 ሚሊሜትር። አዲስ የተሞረደ ቫልቭ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ ክፍተቱም ይጠባል። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ደግመህ ካላየኸው አንዱ ጎን ጠቦብህ ሊሆን ይችላል። አንድ ቫልቭ ሳይዘጋ ሲቀር ያ ሲሊንደር መሳብ ያቅተዋል፤ አንተ ግን ካርቡሬተሩ የተበላሸ ይመስልሃል። አብረህ ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሩን ግፊት) ለካ። የነዳጅ እጀታውን ሙሉ ከፍተህ ለካ፤ አለዚያ ቁጥሩ ውሸት ነው። በሁለቱ ጎኖች መካከል ያለው ልዩነት ከ10 በመቶ በላይ ከሆነ ወደ ፊት አትሂድ። ፋሻው ገና ስላልተላመደ ልዩነቱ በጉዞ ሊጠብብ ይችላል።

እሳት፦ የፊቱን ሽፋን ከመክፈትህ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀል። ይህን በማለት ብቻ አላልፈውም፤ ከሽፋኑ ሥር ያለው የዳዮድ ሰሌዳ ሽፋኑ ሲነካው በአንድ ብልጭታ ይቃጠላል። ፑንቲናው ከ0.35 እስከ 0.40 ሚሊሜትር ይሁን። የካንዴላው ክፍተት ከ0.6 እስከ 0.7። ከዚያ ባትሪውን መልሰህ በግራ በኩል ባለው የሞተሩ ቀዳዳ በኩል በስትሮብ መብራት (ከእሳቱ ጋር እኩል ብልጭ በሚል መብራት) እይ። ሚኒሞ ላይ የ«ኤስ» ምልክቱ መሃል መቆም አለበት። ነዳጅ ስትሰጥ ምልክቱ ይሸሻል፣ «ኤፍ» ይመጣል። ስትለቀው ወዲያው ወደ «ኤስ» መመለስ አለበት።

ይህ «ወዲያው» ያልኩት ለአንተ በጣም አስፈላጊ ነው። ከፑንቲናው ፊት ለፊት እሳቱን የሚያስቀድሙ ሁለት ክብደቶችና ሁለት ትናንሽ ምንጮች አሉ። ምንጮቹ ሲደክሙ ክብደቶቹ ተዘርግተው ይቀራሉ፤ እሳቱም ቀድሞ ይቆያል፤ ዙሩ 1,500 ላይ ይንጠለጠላል። አንተ የጻፍከው በትክክል ይሄው ነው። ግን ተመሳሳይ ምልክት የሚሰጥ ሌላም አለ፤ እሱም የአየር ማምለጫ ነው። ሁለቱን የሚለየው የስትሮብ መብራቱ ነው። ዙሩ ተንጠልጥሎ እያለ ምልክቱ «ኤስ» ላይ ከተመለሰ ምንጩ ጤነኛ ነው፤ አየር ፈልግ። ምልክቱም አብሮ ተንጠልጥሎ ከቀረ ምንጩን ቀይር፣ ዘንጉንም በትንሽ ቅባት አለስልስ።

የግራው ካንዴላ ነጭ መሆኑ ሲጨመርበት እኔ የምገምተው አየር ነው። በዚህ ሞተር ላይ ካርቡሬተሩ ከቴስታታው (ከሲሊንደሩ ክዳን) ጋር የሚገናኘው በአጭር የጎማ ማኒኮቶ (ቱቦ) እና በሁለት ፋሸታ (ማሰሪያ ቀለበት) ነው። ማኒኮቶው ከውጭ ሲያዩት ደህና ይመስላል። አውጥተህ በጣትህ እጠፈው። ቀጫጭን ስንጥቆች ከከፈቱ አበቃለት። ማኒኮቶው የሚቀመጥበት የብረት ቱቦ ራሱ በጥርስ ቴስታታው ውስጥ የገባ ስለሆነ እሱም ሊላላ ይችላል፤ በእጅህ ይዘህ ነቅንቀው። ሌላው ቦታ ከካርቡሬተሩ ውስጥ ያለው የቢራቢሮ ክዳኑ ዘንግ ነው። ዘንጉ ላይ ትንሽ የጎማ ቀለበት አለች፤ ስትደርቅ በጎኗ አየር ይገባል። እሷን ለመቀየር የቢራቢሮውን ሁለት ጥቃቅን ብሎኖች መፍታት ያስፈልጋል። ጫፋቸው ከፋብሪካ ተቀጥቅጧል። ከፈታሃቸው አዲስ ብሎን አስገባና እንደገና ቆልፋቸው። አንድ ብሎን ከተፈታ የሚሄደው በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ ነው።

ማምለጫውን ለማግኘት ብዙ ሰው ቤንዚን ወይም የካርቡሬተር ማጠቢያ ይረጫል። እኔ አላደርገውም፤ የጭስ ማውጫው ቧንቧ አጠገብ ነው ያለው፣ ይቃጠላል። ውሃ የሚነፋ ጠርሙስ ይበቃል። ሚኒሞ ላይ እያለ ማኒኮቶው ዙሪያ ትንሽ ጭጋግ ንፋ። ማምለጫ ካለ ውሃው ለቅጽበት ይዘጋዋል፣ የሞተሩም ድምፅ ይለወጣል። ጆሮህ ወዲያው ይለየዋል።

የቀኙ ጥቁር ካንዴላ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ጥቁር ማለት ቅልቅሉ ወፍሯል፣ ነዳጅ በዝቷል ማለት ነው። አስቀድሜ ቾኩን (የቀዝቃዛ ማስነሻውን) ነው የምጠረጥረው። በቢንግ ካርቡሬተር ጎን ላይ በአራት ብሎኖች የታሰረ ትንሽ ቤት አለ። ውስጡ ቀዳዳ ያለው ክብ ሳህን ይሽከረከራል፤ ለቀዝቃዛ አነሳስ የሚሆን ተጨማሪ ነዳጅ የሚያሳልፈው እሱ ነው። የግራና የቀኙ ሳህን አንድ አይደሉም። ሁለቱ ቢለዋወጡ ቾኩ በተገላቢጦሽ ይሠራል፤ ስትዘጋው ይከፈታል። ያኔ ግን ሁለቱም ጎን ነው የሚታወከው። አንተ ጋ የታወከው ቀኙ ብቻ ስለሆነ መጀመሪያ የቀኙ የቾክ ኬብል ልቅነት እንዳለው እይ። ኬብሉ ከተወጠረ ክንዱ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ኬብሉን ከክንዱ ነቅለህ ክንዱን በእጅህ እስከ መጨረሻው ዝጋው። ሞተሩ ካማረበት መልሱን አገኘህ።

አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ሞተር መጥቶልኝ ነበር። ባለቤቱ ሁለት ወር ታግሏል። ሦስት ጊዜ ካንዴላ፣ አንድ ጊዜ ቦቢና (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጠውን ጥቅል) ቀይሯል። እኔም የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ በጄት አጠፋሁት። በማግስቱ የቾኩን ቤት ስከፍተው ሁለቱ ሳህኖች ተለዋውጠዋል። ሲታጠቡ በአንድ ሳፋ ውስጥ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ካርቡሬተር በአንድ ሳፋ አጥቤ አላውቅም። አንተም በሁለት የተለያዩ ዕቃዎች እጠብ።

ቾኩ ደህና ከሆነ በካርቡሬተሩ ጽዋ ውስጥ የቤንዚኑን ከፍታ የሚቆጣጠረውን ተንሳፋፊ እይ። ሞተሩ ትንሽ ከሠራ በኋላ አጥፋው፣ የቤንዚን ቧንቧዎቹን ዝጋ፣ ከሥር ያለውን ጽዋ ሳታፈስ አውርድ። ውስጡ ያለውን ቤንዚን በማስመሪያ ለካ። በሌላውም ጎን እንዲሁ አድርግ። ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። የቀኙ ከፍ ብሎ ከተገኘ ወይ ተንሳፋፊው ቤንዚን ጠጥቶ ከብዷል፣ ወይ ቤንዚኑን የምትዘጋው የተንሳፋፊው መርፌ አልዘጋ ብላለች። የጠጣ ተንሳፋፊ ይቀየራል እንጂ አይታከምም። ይህን ስታደርግ ሞተሩ ይቀዝቅዝልህ፣ አጠገብህም እሳት አይኑር።

ዲያፍራሙን (ስሱን የጎማ ሽፋን) ሳላነሳ አላልፍም። ባንተ ካርቡሬተር የእጀታው ኬብል የሚከፍተው ቢራቢሮውን ብቻ ነው። ከቢራቢሮው በላይ ያለውን ፒስተን የሚያነሳው የሞተሩ የመሳብ ኃይል ነው፣ በጎማ ዲያፍራም አማካይነት። አር 75/5 ለዚህ ፋብሪካ ይህን ዓይነት 32 ሚሊሜትር ካርቡሬተር ይዞ የወጣ የመጀመሪያው ሞዴል ነው፤ ታናናሾቹ አር 50/5 እና አር 60/5 በኬብል ቀጥታ የሚነሳ 26 ሚሊሜትር ነበራቸው። ዲያፍራሙ በመርፌ ቀዳዳ ያህል ከተበሳ ሚኒሞው ደህና ይሆናል፤ ነዳጅ ስትሰጥ ግን ያ ጎን ይሰንፋል። ወደ ብርሃን ይዘህ በቀስታ ወጥረህ እይ። በማጠቢያ ኬሚካል ውስጥ ፈጽሞ አትንከረው፤ ያብጣል፣ ከቦታው አልገጥም ይላል። ስትመልሰው ጠርዙ ላይ ያለችው ትንሽ ምላስ ጎድጓዳዋ ውስጥ መግባት አለባት።

እስካሁን አንድም ማስተካከያ አልነካንም። አሁን ወደ እሱ እንሂድ።

በመጀመሪያ ኬብሎቹን ፍታ። ሁለቱም የነዳጅ ኬብሎች ሁለት ሚሊሜትር ያህል ልቅ ይሁኑ። ሚኒሞ ላይ ቢራቢሮዎቹ የሚያርፉት በማቆሚያ ብሎኖቻቸው ላይ ብቻ መሆን አለበት፤ ኬብሉ ትንሽ እንኳ ቢጎትት የምታየው ሁሉ ያሳስትሃል። ከዚያ የማቆሚያ ብሎኑን ክንዱን እስኪለቅ አላላው፣ እስኪነካው አጥብቀው፣ ከነካው በኋላ አንድ ዙር ጨምር። የቅልቅል ብሎኑን በሁለት ጣት፣ በቀስታ፣ እስኪቆም ዝጋው፤ አታስጨንቀው። ከዚያ አንድ ዙር ክፈት። በሁለቱም ጎን።

አሁን ሞተሩን አሙቀው። ቆሞ ሳይሆን እየሄደ፣ 15 ወይም 20 ደቂቃ። ይህ በነፋስ የሚቀዘቅዝ ሞተር ነው። ቆሞ ሲሠራ ነፋስ ስለማያገኝ ቶሎ ይግላል፣ ሲግል ደግሞ ሚኒሞው ይንሸራተታል፣ አንተም የምታስተካክለው ሌላ ሞተር ይሆናል። ስትመለስ ከፊቱ ትልቅ ማራገቢያ አቁምለት። ካስፈለገ በየመሃሉ አጥፍተህ አሳርፈው። ሥራውን ደጅ ሥራው፤ የጭሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ በር ከፍቶ መሥራት አይበቃም።

የቅልቅል ብሎኑን በአንድ ጎን ጀምር። በአንድ ስምንተኛ ዙር እያልክ ወደ ውስጥ አጥብቅ። ዙሩ መውረድ ሲጀምር ቁም፣ ቦታውን አስታውስ። አሁን ወደ ውጭ ፍታ። ዙሩ ይጨምራል፣ ከዚያ እንደገና ይወርዳል ወይም ይከብዳል። ያንንም ቦታ አስታውስ። መካከላቸው ላይ አቁመው። በእያንዳንዱ እንቅስቃሴ መካከል አሥር ሰከንድ ታገስ፤ ሞተሩ ለመመለስ ጊዜ ይፈልጋል። ዙሩ ከ1,100 በላይ ከሄደ ሁለቱን ማቆሚያ ብሎኖች እኩል አላላ። ከዚያ ወደ ሌላው ጎን። ከዚያ ተመልሰህ ወደ መጀመሪያው። ሦስት ዙር ያህል ትመላለሳለህ፤ የምትነካው ነገር በየጊዜው እያነሰ ይሄዳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በዚህ ካርቡሬተር ብሎኑን ማጥበቅ ቅልቅሉን ያሳሳል። እንደ አማል ኮንሴንትሪክ ባሉት ሌሎች ካርቡሬተሮች ግን በተገላቢጦሽ ነው፤ እዚያ ብሎኑ የሚቆጣጠረው አየርን ስለሆነ ማጥበቅ ያወፍራል። ከሌላ ሞተር የተማርከውን እዚህ አታምጣ።

ብሎኑን ከፍተህም ዘግተህም ምንም ለውጥ ካልሰማህ አትቀጥል። የሚኒሞው ቀዳዳ ተዘግቷል ማለት ነው። ፈትተህ በኮምፕሬሰር አየር ንፋው። በሽቦ አትጎርጉረው፤ ነሐስ ለስላሳ ነው፣ ይሰፋል፣ ያኔ በእርግጥ አዲስ ጄት ትገዛለህ።

አሁን ማመጣጠኑ። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ስምንት ሜትር ያህል ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ግዛ፣ ውስጡ አምስት ሚሊሜትር የሆነ። ረጅም ጣውላ ላይ በ«ዩ» ቅርጽ እሰረው። ከሥሩ የሞተር ዘይት ሙላበት፣ በሁለቱ እግሮች ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ እስኪል። ሁለቱን ጫፎች በካርቡሬተሮቹ የቫክዩም ቀዳዳዎች ላይ ሰካ። የበለጠ የሚስበው ጎን ዘይቱን ወደ ራሱ ያነሳል። በቃ፣ ማኖሜትር ሠራህ።

ድሮ ሜርኩሪ ነበር የሚሞላበት። መርዝ ነው፤ አትፈልገው። ዘይቱ እንዲያውም ይበልጣል። ሜርኩሪ ከዘይት 15 ጊዜ ያህል ስለሚከብድ፣ ሜርኩሪው ላይ አንድ ሚሊሜትር ሆኖ የምታልፈው ልዩነት ዘይቱ ላይ አንድ ሳንቲሜትር ተኩል ሆኖ ይታይሃል። ዘይቱ እየዘለለ ካስቸገረህ ለዓሣ ገንዳ አየር የሚያገለግሉትን ትናንሽ የፕላስቲክ ቧንቧዎች በሁለቱም እግር አስገባና በጥቂቱ ዝጋቸው። ሚዛኑ በጣም የተዛባ ከሆነ ዘይቱ ሽቅብ ይሮጣል። ቱቦውን በጣትህ ቆንጥጠው፣ ሞተሩን አጥፋ። ጥቂት ዘይት ቢጠጣ ጭስ ያወጣል እንጂ አይጎዳም።

በሚኒሞ ላይ፦ ዘይቱ የተነሳበት ጎን ቢራቢሮው ይበልጥ የተዘጋ ነው። የእሱን ማቆሚያ ብሎን በትንሹ አጥብቅ፣ ወይም የሌላውን አላላ። ዙሩን 900 እና 1,000 መካከል አቆየው። የድሮው መጽሐፍ ዝቅ ያለ ይሰጣል፤ እኔ ግን አዲስ ለታደሰ ሞተር ይህን እመርጣለሁ፣ ዘይቱም ባትሪውም ይመቻቸዋል።

ቀጣዩ ግን ከዚህ ይበልጣል። ብዙ ሰው ሚኒሞው ከተስተካከለ ጨረስኩ ብሎ ይሄዳል። አንተ ግን መንገድ ላይ ሚኒሞ ላይ አትሄድም። በጉዞ ላይ ሁለቱን ሲሊንደሮች እኩል የሚያደርጋቸው የኬብሎቹ ርዝመት ነው። የኬብሎቹን ልቅነት ወደ አንድ ሚሊሜትር ቀንስ። ከዚያ ዙሩን ወደ 2,000 አምጣና እጀታው ላይ ባለችው የማጥበቂያ ብሎን እዚያው ያዘው። ዘይቱን እይ። የተነሳበት ጎን ቢራቢሮው ወደ ኋላ ቀርቷል፤ ኬብሉን በሩብ ዙር አሳጥርለት። እኩል እስኪሆኑ ድረስ። ለቀቅ አድርገህ እንደገና ስጥ። በተለይ ከሚኒሞ የሚነሱባትን ቅጽበት ተመልከት፤ አንዱ ቀድሞ ከተነሳ ዘይቱ ለአፍታ ይዘላል። ሞተሩን አጥፍተህ ጣቶችህን በሁለቱ ክንዶች ላይ አድርገህ ሌላ ሰው እጀታውን በቀስታ ሲያዞር ብትዳስስም ይታወቅሃል። ስትጨርስ መሪውን እስከ ግራ፣ እስከ ቀኝ አዙር። ዙሩ ከጨመረ ኬብሉ ጠብቋል ወይም መንገዱ ተሳስቷል።

ካርቡሬተርህ የቫክዩም ቀዳዳ ከሌለው አንዱን ሲሊንደር እያጠፉ ማወዳደር የድሮ ዘዴ ነው። ይሠራል። ግን የካንዴላውን ሽቦ ነቅለህ በአየር ላይ አትተወው። በዚህ ሞተር ሁለቱ ባለ 6 ቮልት ቦቢናዎች ተያይዘው ነው የሚሠሩት፤ እሳቱ መሄጃ ሲያጣ ቦቢናውን ራሱን ከውስጥ ይበሳዋል፣ ካልሆነም አንተን ያገኝሃል። የነቀልከውን ካፕ ትርፍ ካንዴላ ሰክተህበት ካንዴላውን በሽቦ ከሞተሩ አካል ጋር አጥብቀህ እሰር፣ ከተከፈተው ካርቡሬተር አርቀህ። እያንዳንዱን ጎን ከጥቂት ሰከንድ በላይ አታጥፋ።

ፋሻው አዲስ ስለሆነ ይህን ሁሉ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ ትደግመዋለህ። ቴስታታውን መጀመሪያ በመጽሐፉ ልክ አጥብቅ፣ ቫልቩን ለካ፣ ከዚያ ካርቡሬተር። በዚያን ጊዜ አዲስ ካንዴላ አስገባና ከረጅም ጉዞ በኋላ አውጥተህ እይ። የአሁኖቹን ቀለም አትመን፤ በተበላሸ ቅልቅል ጠቁረዋልና ነጥተዋልና።

ካርቡሬተር ልግዛ ወይ ላልከው፣ በዚያን ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚወስነው። ሚኒሞው ጥሩ፣ ሙሉ ነዳጁ ጥሩ፣ መሃሉ ላይ ግን ጥቁር ጭስና ብዙ ቤንዚን ከሆነ፣ ከፒስተኑ ጋር የምትነሳው መርፌ በዓመታት ንዝረት የምትገባበትን ጄት ሞላላ አድርጋዋለች። ያኔም ቢሆን የሚገዛው መርፌዋና ጄቷ ናቸው፣ ለሁለቱም ጎን በአንድ ጊዜ። የቢራቢሮው ዘንግ የሚዞርበት የካርቡሬተሩ አካል ራሱ ተበልቶ አዲስ የጎማ ቀለበት ገብቶለትም ዘንጉ የሚወዛወዝ ከሆነ ብቻ ስለ አዲስ እናወራለን። እስከዚያው የግራውን ማኒኮቶ እጠፍና እይ፤ የቀኙን የቾክ ኬብል ንቀል። የሆነውን ጻፍልኝ፣ ዘይቱ በስንት ሳንቲሜትር እንደተለያየም አብረህ ንገረኝ።